ኖዛዋ ኦንሴን፦ ከስኪው በኋላ የት ይበላል፣ የት ይጠጣል?

ጃፓን ወደሚገኝ የስኪ መንደር ለመሄድ የሚያስብ ሰው ስለ በረዶው፣ ስለ ልብሱና ስለ ሊፍት ትኬቱ ብዙ ያጠናል። እራቱን ግን «እዚያው ስንደርስ እናያለን» ብሎ ያልፈዋል። በትንሽ የተራራ መንደር ውስጥ ግን ቀድሞ መታሰብ ያለበት እራቱ ነው። በረዶው የትም አይሄድም። ወንበር ግን ያልቃል።

የምጽፈው ስለ ኖዛዋ ኦንሴን ነው። በናጋኖ ግዛት ያለች፣ ፍል ውኃ የሚንፎለፎልባት መንደር ናት። ቶኪዮ በኖርኩባቸው ዓመታት የበረዶ ወራት ሲገባ ወደዚያች ነበር የምሄደው። ስለ ስኪው የተጻፈ ሞልቷል። እኔ የምነግራችሁ አሳማ የማይበላ፣ ረቡዕና ዓርብን የሚጾም፣ ማታ ማታ ደግሞ ከሰው ጋር ጨዋታ የሚወድ ሐበሻ እዚያ እንዴት ጠግቦ እንደሚያድር ነው። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፣ ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጠቅሰው።

መንገዱ ቀላል ነው። ከቶኪዮ በሺንካንሰን፣ በፈጣኑ ባቡር፣ ተሳፍራችሁ ኢያማ ጣቢያ ትወርዳላችሁ። ጣቢያው በ2015 ከተከፈተ ወዲህ ጉዞው አጥሯል። ከዚያ አውቶቡስ በ25 ደቂቃ ገደማ መንደሩ ያደርሳችኋል። ካሽ ግን ያዙ። ካርድ የማይቀበሉ ትንንሽ ቤቶች አሁንም አሉ።

እራት ለምን እንደሚያልቅ ልንገራችሁ። ቤቶቹ ትንንሽ ናቸው። ባል እያበሰለ ሚስት እያስተናገደች የሚሠሩ ናቸው። ባንኮኒው ላይ ጥቂት ሰው፣ ከኋላ ሁለት ሦስት ጠረጴዛ፣ በቃ። ድሮ እንግዳው ሁሉ እራቱን የሚበላው ባረፈበት ቤት ነበር። አሁን ብዙ ማረፊያዎች የሚያበስል ሰው ስለሚያጥራቸው አልጋና ቁርስ ብቻ ነው የሚሰጡት። ስለዚህ ምሽት 1 ሰዓት ላይ መንደሩን የሞላው እንግዳ በሙሉ ርቦት አንድ ላይ መንገድ ላይ ይወጣል። በየበሩ «ሞልቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ያገኘዋል። 3 ሰዓት ገደማ ደግሞ ብዙው ወጥ ቤት የመጨረሻ ትእዛዙን ይቀበልና ይዘጋል።

እኔ የሠራልኝ ዘዴ ይህ ነው። የመጀመሪያውን ማታ እራት ከሚሰጥ ሚንሹኩ ጋር እይዛለሁ። ሚንሹኩ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ማረፊያ ነው። ከጉዞ ደክሞ ገብቶ ምግብ ቤት ፍለጋ መዞር ስለማያስፈልግ ብቻ አይደለም፤ የአገሩን ምግብ አሰላለፍ የምታዩት እዚያ ነው። እራቱ 12 ሰዓት ወይም 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይቀርባል፤ ያ ሰዓት ማለት ያው ያ ሰዓት ነው። ጨው ተነስንሶበት የተጠበሰ የወንዝ ዓሣ፣ ከተራራ የተለቀሙ ቅጠላ ቅጠሎች፣ በየትንንሽ ሳህኑ የተቆነጠረ ማባያ፣ ከተብላላ አኩሪ አተር የሚሠራ የሚሶ ሾርባ፣ ሩዝ። ሚሶው ጉዳዬ ብላችሁ ቅመሱት፤ ከጃፓን ሚሶ ግማሽ ያህሉ የሚመረተው ናጋኖ ውስጥ ነው።

ለሌሎቹ ምሽቶች ቦታ አስቀድሜ እይዛለሁ። ስልክ መደወል የሚያስቸግር ከሆነ የምታርፉበት ቤት እመቤት እንድትደውልላችሁ ጠይቁ፤ በደስታ ያደርጉታል። ሳይያዝ ከቀረ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ በሩ ሲከፈት ግቡ። ብቻችሁን ወይም ሁለት ከሆናችሁ ባንኮኒ ላይ ቁጭ በሉ። አራት አምስት ሆኖ ሳያስይዙ መሄድ ግን አይሞከርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ወደ አሳማው። የጃፓን ስኪ ሜዳ ምግብ በአሳማ የተሞላ ነው። ራመን የሚባለው ፓስታ መሰል ሾርባ መረቁ በአብዛኛው የአሳማ አጥንት አለበት፤ ከላይ የሚጣልበት ቁራጭ ሥጋም አሳማ ነው። ጊዮዛ የሚባለው የተጠቀለለ ሊጥ ውስጡ አሳማ ነው። ካትሱ ካሪ፣ ተራራ ላይ ሁሉም ሰው የሚበላው፣ የአሳማ ጥብስ ነው። «ሥጋውን ተዉልኝና ካሪውን ብቻ ስጡኝ» ማለትም አይበቃም፤ የካሪው ማጥበቂያ ብዙ ጊዜ የእንስሳ ስብ አለበት። ስለዚህ ስልኬ ላይ በጃፓንኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ይዤ ነበር የምዞረው፤ አሳማ፣ የአሳማ ስብና የአሳማ አጥንት መረቅ አልበላም የሚል። ሦስቱም በየስማቸው መጻፍ አለባቸው። በቃል ለማለት «ቡታኒኩ ዋ ታቤማሴን» በቂ ነው፤ ስለ መረቁ ግን አይነግርላችሁም።

ሚንሹኩ ከሆነ ይህንን ስትደርሱ ሳይሆን ቦታ ስትይዙ ጻፉላቸው። አስቤዛቸውን አስቀድመው ነው የሚገዙት። አስቀድሜ በነገርኳቸው ቤቶች ሁሉ ለሌላው ሥጋ ሲቀርብ ለእኔ ዓሣ ወይም ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ) ተተክቶ ነበር። አንዲት እናት ጭራሽ ከወጥ ቤት ወጥተው የእኔን ሳህን በጣታቸው እያሳዩ፣ ይሄ ዓሣ፣ ይሄ እንጉዳይ፣ ይሄ ዱባ እያሉ አንድ በአንድ አስረዱኝ። ጃፓንኛዬ ግማሹን ነው የያዘው፤ ፊታቸው ግን ሌላውን ነገረኝ።

ጥሬ ሥጋ ወዳጆች ደግሞ እዚህ ላይ ልብ በሉ። ናጋኖ ውስጥ ባሳሺ የሚባል ቀይ፣ ስስ ተደርጎ የተቆረጠ፣ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር የሚቀርብ ጥሬ ሥጋ ታያላችሁ። ያምራል። የፈረስ ሥጋ ነው። ፎቶውን ብቻ አይታችሁ አታዙ።

ታዲያ ምን ይበላል? ብዙ ነገር! በዶሮና በእንቁላል የሚሠራው ኦያኮዶን አለ። የዓሣ ጥብስ ከሩዝና ከሾርባ ጋር አለ። ከሁሉ በላይ ግን ሶባ አለ። ናጋኖ በሶባ ስሟ የታወቀ ነው። ዛሩ ሶባ እዘዙ፦ ቀዝቃዛ፣ ጠቆር ያለ ቀጭን ፓስታ መሰል ምግብ በቀርከሃ ሰፌድ ላይ ይመጣል፤ ከጎኑ ጥቁር ማጥቀሻ። እየጠቀሳችሁ ትበላላችሁ። ስትጨርሱ አስተናጋጁ ሶባው የተቀቀለበትን ትኩስ ውኃ በማንቆርቆሪያ ያመጣል። የተረፈው ማጥቀሻ ላይ ጨምራችሁበት ትጠጡታላችሁ። ነጣ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ሆድ የሚያሞቅ ነው። ከበረዶ ወጥቶ ያንን የጠጣ ሰው ሌላ ሾርባ አያምረውም።

ለጾም ቀን ግን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ያ ማጥቀሻም፣ የሚሶ ሾርባውም፣ የተቀቀለው አትክልትም መሠረታቸው ዳሺ ነው። ዳሺ ደግሞ በአብዛኛው ከደረቀ ዓሣ ነው የሚወጣው። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ የሌለበት የጾም የሚመስል ሳህን ውስጡ ዓሣ አለበት። ዓሣን በጾም ለሚበላ ሰው ጃፓን ገነት ናት። ለማይበላው ግን አማራጩ ይጠባል፦ ተራ ሩዝ፣ የተቀቀለ ኤዳማሜ (የአኩሪ አተር እሸት)፣ በጨው ብቻ የተጠበሰ አትክልት፣ ከዚያ ደግሞ ኦያኪ።

ኦያኪን በደንብ ልንገራችሁ። የእጅ መዳፍ የምታህል፣ ከስንዴ ሊጥ የምትሠራ ድቡልቡል ናት። ውስጧ ዱባ፣ ቀይ ባቄላ፣ የሚሶ በደርጃን ወይም ኖዛዋና የሚባል ቅጠል ይሞላል። በመንደሩ ዋና መንገድ ላይ በእንጨት ሣጥን ውስጥ በእንፋሎት ሲያበስሏት ታያላችሁ። ክዳኑ ሲነሳ የሻጩ ፊት በጉም ይሸፈንና መልሶ ይታያል። ትኩሷን በወረቀት ይዛችሁ፣ ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጣችሁ ነው የምትበሏት። ሁለቷ ምሳ ናት። የኖዛዋናዋን የጾም መሆኗን ግን ጠይቁ፤ አንዳንዱ ቤት ሲያጣፍጣት ዳሺ ይጨምራል።

ኖዛዋና የመንደሯን ስም የያዘ ቅጠል ነው። ሲያዩት ረዘም ያለ የእኛ ጎመን ይመስላል። አንድ መነኩሴ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ተርኒፕ የሚባል የጎመን ዘመድ ዘር ከምዕራብ ጃፓን አምጥተው እዚህ ተራራ ላይ ሲዘሩት ቅጠሉ ገዘፈ ይላሉ። ኅዳር ላይ ይሰበሰባል፤ በመንደሩ ፍል ውኃ ይታጠባል፤ በጨው ተደርጎ ለበረዶ ወራት ይቀመጣል። በየቤቱ የራሱ ጣዕም አለው። ሁሉም ጠረጴዛ ላይ ይመጣል፤ እኔ ሁለተኛ ሳህን ከመጠየቅ ተመልሼ አላውቅም።

መንደሩ ላይኛው ጫፍ ላይ ኦጋማ የሚባል 90 ዲግሪ ገደማ የሚፈላ ምንጭ አለ። ነዋሪዎች አትክልትና እንቁላል የሚቀቅሉበት ወጥ ቤታቸው ነው። እንግዳ አይገባም፤ ከአጥር ውጭ ቆሞ ማየት ይቻላል። ለእንግዳ የተፈቀዱ ሌሎች ትንንሽ የእንቁላል መቀቀያ ቦታዎች አሉ። እንቁላል ገዝታችሁ በመረብ ከረጢት ታወርዱታላችሁ፤ አስኳሉ ሲረጋ ነጩ ገና ለስላሳ ነው።

ተራራው ላይ ስላለው ምሳ ብዙ የምለው የለኝም። በር ላይ ማሽን አለ፤ ብር አስገብታችሁ የምግቡን ቁልፍ ትጫኑና ወረቀቱን ለወጥ ቤቱ ትሰጣላችሁ። ውኃና ሻይ አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ነው። ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ወንበር የለም። እኔ 5 ሰዓት ላይ እበላና ሌላው ሰው ሲሰለፍ ባዶውን ተራራ እንሸራተትበታለሁ።

ወደ መጠጡ። ልክ ከስኪው በኋላ መጀመሪያ መታጠብ፣ ከዚያ መጠጣት ነው። ተገላቢጦሹ አደጋ አለው። በመንደሩ ነዋሪዎቹ ራሳቸው የሚንከባከቧቸው 13 የሕዝብ መታጠቢያዎች አሉ፤ መግቢያቸው ነፃ ነው፤ ሣጥን ውስጥ ሳንቲም መጣል ግን ደንብ ነው። መኃል ላይ ያለው ኦዩ ሁለት ገንዳ አለው፤ ሞቃትና በጣም ሞቃት። እዚያ ላይ ጠጥቶ የገባ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል።

ከኦዩ ስትወጡ ሊቡሺ የምትባል ጠባብ የቢራ ባር አለች። እዚያው አካባቢ የሚጠመቅ ቢራ ነው የሚቀዳው፤ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ይጠጣል። የማያውቁትን ሰው ለመተዋወቅ ከዚያ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም።

ሳኬ፣ ማለትም የሩዝ መጠጥ፣ ከፈለጋችሁ ደግሞ ሚዙዎ የሚባለውን ጠይቁ። የሚጠምቀው ከ1873 ጀምሮ ኢያማ የሚሠራው ታናካያ ነው፤ ውኃው የሚቀዳው ከዚሁ ከኖዛዋ ኦንሴን ተራራ ነው። በኢዛካያ፣ ማለትም በመጠጥ ቤቶቻቸው፣ አቀዳዱ ራሱ ይታያል። ብርጭቆውን አራት ማዕዘን የእንጨት ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡታል። ጠርሙሱን ቀስ አድርገው ያዘነብላሉ። ብርጭቆው ይሞላል፤ አይቆሙም። ይፈሳል፤ ሣጥኑም ይሞላል። እናንተ ብርጭቆውን ሳታነሱ ጎንበስ ብላችሁ ከአፉ ትስባላችሁ፤ በኋላ የሣጥኑን ትጠጣላችሁ። 15 በመቶ ገደማ አልኮል ነው፤ ትኩሱ በተለይ ሳይታወቅ ይገባል። አብራችሁ ለተቀመጠ ሰው ቅዱለት፤ እሱ ደግሞ ለእናንተ ይቀዳል። የራስን ብርጭቆ ራስ መሙላት አይለመድም።

ስትቀመጡ ያላዘዛችሁት ትንሽ ሳህን ይመጣል። ሒሳቡ ላይ ከ300 እስከ 500 የን ሆኖ ይታያል። ኦቶሺ ይባላል፤ የወንበሩ ዋጋ ነው ብላችሁ ያዙት። ቲፕ ግን የለም፤ ጠረጴዛ ላይ ብትተዉ ረሳችሁ ብለው በበረዶ ውስጥ ሮጠው ያደርሱላችኋል።

ጥር መጀመሪያ ላይ ለመሄድ ካሰባችሁ ጃንዋሪ 15ን እወቁ። የዶሶጂን የእሳት በዓል ነው፤ ከጥምቀታችን ጥቂት ቀን ይቀድማል። 42 እና 25 ዓመት የሞላቸው የመንደሩ ወንዶች ከእንጨት የተሠራውን ትልቅ መቅደስ ይጠብቃሉ፤ ሌላው ችቦ ይዞ ሊያቃጥለው ይታገላል። ሳኬ ለተመልካቹም ይቀዳል። በዚያ ማታ አልጋም ወንበርም ማግኘት ከባድ ነው፤ ከወራት በፊት ያልያዘ ሰው በቀጣዩ ሳምንት ቢሄድ ይሻለዋል።

የመመለሻ ቀኔ ዓርብ ሲሆን ኢያማ ተሳፍሬ ናጋኖ ከተማ እወርድ ነበር። እዚያ ዜንኮጂ የሚባለው ትልቅ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ዙሪያ የእንግዳ ማረፊያዎች አሉ፤ መነኮሳቱ የሚበሉትን ሾጂን ሪዮሪ ያቀርባሉ። ሥጋም ዓሣም የለበትም፤ መረቁ ከባሕር ቅጠልና ከእንጉዳይ ነው። የሰሊጥ ቶፉ፣ የተራራ ቅጠል፣ ሩዝ። ሳይጠይቁ፣ ሳይጨነቁ የሚበሉት የጾም ምግብ ነው። ሳይያዝ ግን አይቀርብም፤ ቀናት ቀደም ብላችሁ አስደውሉ።