ፕለግ ኢን ሃይብሪድ በጎንደር ዳገት፦ ሞተሩ መቼና ለምን ይነሣል?

ፕለግ ኢን ሃይብሪድ ማለት ከሶኬት የሚሞላ ባትሪም የቤንዚን ሞተርም ያለው መኪና ነው። አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው «ባትሪው ገና 60 በመቶ እያለው የቤንዚን ሞተሩ ለምን ይነሣል?» ብሎ ነው። መኪናው የሚያየው የባትሪውን መጠን ብቻ አይደለም። እግራችሁ የጠየቀውን ጉልበት፣ የቀረውን ቻርጅና ሙቀትን በየቅጽበቱ ያመዛዝናል። ባትሪው በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ጉልበት ገደብ ስላለው፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ ታች ስትረግጡ በብዙዎቹ ሞዴሎች ሞተሩ ይነሣል። ባትሪውም ባዶ እስኪሆን አይጠበቅም፤ እንደ ሞዴሉ ከ15 እስከ 25 በመቶ ገደማ ሲደርስ መኪናው እንደ ተራ ሃይብሪድ፣ ማለትም ቤንዚንና ኤሌክትሪክ እያፈራረቀ፣ መሥራት ይጀምራል።

መቀያየሩ እንደ አምራቹ ይለያያል። ቶዮታ ፕሪየስ ላይ የቤንዚን ሞተሩና ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮች በፕላኔታዊ ማርሽ (መሐል ባለ ማርሽ ዙሪያ ሌሎች ማርሾች በሚዞሩበት) ተያይዘዋል። አንደኛው የኤሌክትሪክ ሞተር የቤንዚኑን ወደ 1,000 ዙር በደቂቃ አካባቢ ካሽከረከረው በኋላ ነው ቤንዚን የሚረጨው፤ ሲነሣ የማይንገጫገጨው ለዚህ ነው። ዲኤም-አይ የተባለው የቻይናው ቢዋይዲ ሃይብሪድ ግን ከተማ ውስጥ ሞተሩ ቢነሣም ጎማ አይነዳም፤ ጄኔሬተር እያዞረ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። በክላች ከጎማው ጋር የሚገናኘው ፍጥነቱ ወደ 70 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲጠጋ ነው። ስለዚህ ማራኪ አካባቢ በዝግታ እየሄዳችሁ ሞተሩ ቢጮህ ብልሽት አይምሰላችሁ።

ወደ እኛው ከተማ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተሩ ግን ምንም አይቀንስም። ዳገት ላይ ሞተሩን የሚደጉመው ባትሪው ነውና ዳገት ሥር ባትሪ ጨርሶ መድረስ ትልቁ ስሕተት ነው፤ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ይጎተታል።

ስሌቱ ቀላል ነው። 1,600 ኪሎ የሚመዝን መኪና 100 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ብቻ 0.44 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ደባርቅ ከጎንደር 700 ሜትር ያህል ትበልጣለች፤ ያ ወደ 3 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል፣ የመንገዱን ወጣ ገባና የነፋሱን ግፊት ሳንጨምር። 8.8 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ላላት ፕሪየስ ይህ ሲሶው ነው። ከከተማ ስትወጡ ባትሪው ገና ብዙ ሳይቀንስ መኪናው ቻርጁን የሚያቆይበትን ሁነታ ምረጡ፤ ቻርጁን ለዳገቱ ታተርፋላችሁ።

ሲመለሱ ተቃራኒው ነው። ደባርቅ ላይ ባትሪውን መሙላት ትርፍ የለውም፤ ቁልቁለት ላይ የኤሌክትሪክ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ መኪናውን እያዘገየ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ የሞላ ባትሪ ግን ያንን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ያኔ ፕሪየስ ቤንዚን ሳይረጭ ሞተሩን በማሽከርከር ያግዳል፤ ድምፁ ያስደነግጣል እንጂ ቤንዚን አይበላም። የቀረው ሸክም ግን በፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል። ፒያሳ አካባቢ ቻርጅ አድርጎ ወደ አዘዞ የሚወርድም 90 በመቶ ላይ ቢያቆም ይሻለዋል።

ሌላው ችግር ሞተሩ እምብዛም ሲሠራ የሚመጣ ነው። ለሁለት ደቂቃ ተነሥቶ የሚጠፋ ሞተር ዘይቱ ስለማይሞቅ ቤንዚንና እርጥበት ዘይቱ ውስጥ ይቀራሉ። በወር አንድ ሁለቴ ለ20 ደቂቃ ያህል በሃይብሪድ ሁነታ መንገድ ላይ ንዱት። ዘይቱንም ኪሎ ሜትሩ ባይሞላ እንኳ በዓመት ቀይሩ።

ቤት ውስጥ በ220 ቮልት 10 አምፔር ስትሞሉ 2.2 ኪሎዋት ትስባላችሁ፤ ይህ ለሰዓታት የሚቆይ ጭነት ነው። ከማከፋፈያው ራሱን የቻለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና 16 አምፔር ብሬከር ይኑረው። ተራ ማራዘሚያ ሶኬቱ ላይ ሊቀልጥ ይችላል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሶኬቱን በእጃችሁ ዳስሱት፤ የሚያቃጥል ከሆነ መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ፣ ከዚያ ንቀሉ።