የልጆችን ሥነ ሕይወታዊ ዕድሜ ከዲኤንኤ ሜቲሌሽን መገመት፦ እስካሁን የደረስኩበት

የልጆችን ዕድሜ ከዲኤንኤ ሜቲሌሽን መረጃ የመገመት ስሌትን በግሌ ስለማመድ የተማርኩትን፣ በተለይም የተሳሳትኩትን፣ አብረውኝ ለሚማሩ ላካፍል። ሜቲሌሽን ሳይቶሲን በተባለው የዲኤንኤ ክፍል ላይ ሜቲል የተሰኘ ትንሽ ኬሚካላዊ ቡድን መለጠፉ ሲሆን፣ ሲፒጂ በሚባሉ አንዳንድ ቦታዎች መጠኑ ከዕድሜ ጋር እየጨመረ ወይም እየቀነሰ ይሄዳል።

የጀመርኩት ተመራማሪው ስቲቭ ሆርቫት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጡት፣ 353 ሲፒጂዎችን በሚጠቀመው ቀመር ነው። የእያንዳንዱን ሲፒጂ መጠን በተሰጠው ክብደት አባዝቼ ስደምር ለአንድ ልጅ ከዜሮ በታች 1.25 የሚል ውጤት ወጣ፤ እንዲህ ያለ ዕድሜ ስለሌለ መረጃው ተበላሽቷል ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ጥራቱን ስፈትሽ ከረምኩ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። ቀመሩ እስከ 20 ዓመት ድረስ የሚተነብየው ዕድሜን ሳይሆን በዕድሜ ላይ 1 ተጨምሮ ለ21 ሲካፈል የሚገኘውን ቁጥር ሎጋሪዝም ነው፤ ስለዚህ ድምሩን ከሎጋሪዝም ወደ ተራ ቁጥር መልሶ በ21 ማባዛትና 1 መቀነስ ያስፈልጋል። እንደዚያ ሳደርግ ልጁ 5 ዓመት ገደማ ሆነ። ሎጋሪዝሙ ያለ ምክንያት አልገባም፦ ሜቲሌሽን በልጅነት እጅግ ፈጥኖ ስለሚለዋወጥ፣ በዚህ መለኪያ ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለው ርቀት ከ15 እስከ 16 ካለው ከስድስት እጥፍ በላይ ነው።

የሆርቫት ቀመር መካከለኛ ስሕተት በሁሉም ዕድሜ ተደምሮ 3.6 ዓመት ነው፤ ይህ ለ60 ዓመት ሰው ብዙም አይከፋም፣ ለ4 ዓመት ልጅ ግን የኖረውን ዘመን ሊያክል ምንም አይቀረው። ስለዚህ ከ0 እስከ 20 ዓመት ላሉት ተብሎ ወደተሠራው፣ ፔድቢኢ ወደተባለ ሌላ ቀመር ተሻገርኩ፤ 94 ሲፒጂዎችን ብቻ ይጠቀማል፣ ስሕተቱም 4 ወር ገደማ ነው። የተሠራው ግን ከጉንጭ ውስጠኛ ሽፋን ሕዋሳት ነው። እኔ ይህን ቸል ብዬ የምራቅ መረጃ ሰጠሁት፤ ምራቅ ብዙ ነጭ የደም ሕዋሳት ስላሉበት ግምቱ በሕዋሳቱ ድርሻ እየተሳበ ከልጆቹ ዕድሜ ራቀ።

ግምቱ ከልደት ዕድሜ ሲበልጥ «ልጁ አርጅቷል» ብዬ ማስታወሻዬ ላይ እጽፍ ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ። በአዋቂ ላይ እርጅና የሚባለው ልዩነት በልጅ ላይ ፈጣን እድገት ሊሆን ይችላል፣ ቁጥሩም ብቻውን ሁለቱን አይለይም። በቀጣይ የሕዋሳቱን ድርሻ አስቀድሜ ገምቼ የምራቁን ስሌት እንደገና እሠራለሁ።