ከኔቲክ እስከ ቦስተን ኮሌጅ

ፋጡማ ሮባ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 1999 በተከታታይ ያሸነፈችበትን የቦስተን ማራቶን መንገድ በመኪና ልከተለው ጓጉቼ ነበር። እህቴ ግን ኔቲክ ከተማ ስንደርስ መሪውን ጠመዘዘችው። «ልጁ የሚያነበው ሰሌዳ አለ» አለችኝ። ልጇ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት። ከኋላ ተቀምጦ ያገኘውን የመንገድ ስም ሁሉ ጮክ ብሎ ያነባል።

ከትልቁ የገበያ አዳራሽ አጠገብ ያለ አጭር መንገድ ነው፤ ስሙ «ፍሉቲ ፓስ»። በእነርሱ ቋንቋ ፓስ መተላለፊያም ነው፣ የኳስ ውርወራም። ልጁ ሦስት ጊዜ አነበበው፤ ከዚያ መሄድ ተፈቀደልን።

መንገዱ የተሰየመለት የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹ ዳግ ፍሉቲ የተማረው በዚህችው ከተማ ነው። ቁመቱ 178 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለእኔ ቢጤ መለሎ ነው፤ ግዙፎች በሚላተሙበት የአሜሪካ ፉትቦል ግን ኳርተርባክ፣ ማለትም ጨዋታውን የሚመራው ኳስ ወርዋሪ፣ ለመሆን አጭር ይባላል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1984 እርሱ የሚጫወትለት ቦስተን ኮሌጅ በማያሚ ዩኒቨርሲቲ 45 ለ41 እየተመራ 6 ሰከንድ ቀረው። ፍሉቲ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ነፋሱን ሰንጥቆ ኳሷን ከ60 ያርድ (55 ሜትር ገደማ) በላይ ላካት። ተከላካዮቹ ያን ያህል ይወረውራል ብለው አላሰቡም፤ የቡድን ጓደኛው ጄራርድ ፌላን ከኋላቸው ሾልኮ ቀለባት። 47 ለ45! ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይዝማን ዋንጫም ወሰደ።

ጨዋታው ብዙም አይገባኝም። የገባኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በአገሩ ሊግ ቁመቱን ሲለኩበት ካናዳ ሄዶ ስድስት ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፣ ሦስት ጊዜ ዋንጫ አነሣ። ወደ አገሩ ሊግ ተመልሶ፣ በ43 ዓመቱ፣ የተጫዋችነት ዘመኑ ሊያበቃ ሲል፣ ኳሷን መሬት አንጥሮ በመምታት አንድ ነጥብ አስቆጠረ፤ በዚያ ሊግ ከ1941 ወዲህ ማንም ያላደረገው ነበር። ሽማግሌ የልጅነት ጨዋታውን ሲያሳይ ይመስላል።

እህቴ ግን ስለ ውርወራው ግድ የላትም። የፍሉቲ ወንድ ልጅ በሦስት ዓመቱ ኦቲዝም እንዳለበት ታወቀ፤ እርሱና ባለቤቱ በ1998 በልጁ ስም ፋውንዴሽን አቋቋሙ። በስሙ ከተሸጠው ኮርንፍሌክስ የተገኘ ገንዘብም እዚያ ገብቷል። «ዝነኛ ሰው 'ልጄ እንዲህ ነው' ብሎ በአደባባይ ሲናገር፣ እኔም ለጎረቤት መናገር ቀለለኝ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ።

የኒውተንን ዳገቶች ወጥተን ኮሌጁ ደረስን። ከስታዲየሙ ውጭ ፍሉቲ በነሐስ ቆሟል፤ ኳሷ እጁ ላይ ናት፣ ክንዱ ወደ ኋላ ተስቧል። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ልጁ ዞረው፣ የድንጋዩን መሠረት ዳሰሰ።

«መቼ ነው የሚወረውረው?»

እናቱ ሰዓቷን አየች። «ትንሽ እንጠብቀው» አለችው፤ ኮፍያውን ጆሮው ላይ አወረደችለት።