ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ላንዶቨር፦ በአንድ ያርድ የተነሳ ክርክር

ከቺካጎ ወደ ዋሽንግተን የምሄደው ዘመድ ልጠይቅ ነው ብዬ ነበር። በአሜሪካ ፉትቦል ቺካጎ ቤርስ ከዋሽንግተን ኮማንደርስ የሚጋጠምበትን ሳምንት መርጬ መነሳቴን ያየ ሰው ግን ዘመዶቼ ሰበብ መሆናቸው አልጠፋውም። ዕለቱ እሑድ ጥቅምት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 27 ቀን 2024 ነበር። ያረፍኩት ከዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ብዙ ዓመት ታክሲ የነዱ የእናቴ ዘመድ ቤት ነው። ጋሼ እላቸዋለሁ። የቅዱስ እስጢፋኖስ በዓል ስለነበር ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ሜትሮ ጣቢያው መጡ። ነጠላቸውን አጣጥፈው ውስጡ በሚታይ የፕላስቲክ ቦርሳ ይዘውታል፤ ስታዲየሙ ሌላ ዓይነት ቦርሳ አያስገባም።

ጋሼ የዋሽንግተን ደጋፊ የሆኑት ቡድኑ እዚያው ከተማ ውስጥ፣ አርኤፍኬ ስታዲየም ይጫወት በነበረበት ዘመን ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ሱፐር ቦውል የሚባለውን የሊጉን ዋንጫ የበላው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1992 ነው። ከዚያ ወዲህ ስሙ ተቀየረ፣ ባለቤቱ ተቀየረ፣ ሜዳው ወደ ሜሪላንድ፣ ላንዶቨር ተሻገረ፤ ማጥቃቱን የሚመሩት ኳስ ወርዋሪዎች፣ ኳርተርባኮቹማ ገና ስማቸውን ሳንለምድ ይሸኛሉ። «ዘንድሮስ፣ ዘንድሮስ እያልኩ ፀጉሬ አለቀ» ይላሉ ጋሼ።

የዚያን ቀን ጨዋታ ልዩ ያደረገው የሁለቱ ወጣት ኳርተርባኮች መገናኘት ነበር። በዚያው በፈረንጆቹ ዓመት ሚያዝያ በተካሄደው የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ አንደኛ የተጠራው ካሌብ ዊሊያምስ የእኛ፣ ሁለተኛ የተጠራው ጄደን ዳንኤልስ የእነሱ ነው። ካሌብ የ2022ን፣ ዳንኤልስ የ2023ን የዓመቱ ምርጥ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋች የሚሸለመውን የሃይዝማን ሽልማት ወስደዋል። ካሌብ ደግሞ ተወልዶ ያደገው በዚሁ በዋሽንግተን አካባቢ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ የተማረው ከተማው ውስጥ ጎንዛጋ በሚባል ትምህርት ቤት ነው። ጋሼ የተቃራኒ ቡድን ተጫዋች ቢሆንም ስሙን ይወዱለታል። «የአክሱም ንጉሥ ስም ተሸክሞ እንዲህ መሬት ለመሬት ሲጎትቱት ያሳዝናል» አሉኝ ባቡሩ ውስጥ።

ከቀዩ መስመር ወርደን ወደ ሞርጋን ቡልቫርድ በሚሄደው ባቡር ስንሳፈር ፉርጎው ከወዲሁ ግጥም ብሏል። አብዛኛው የዋሽንግተንን ወይን ጠጅ ቀለም የለበሰ ነው። የቤርስን ጥቁር ሰማያዊ የለበስን ጥቂቶች ሳንጠራራ ተሰባሰብን። አንድ ጎልማሳ የብረት ዘንጉን እንደያዘ ለማንም ሳይሆን ለሁሉም ይናገራል፤ የሚናገረውም ስለ ሼን ዋልድሮን ነው። የቤርስ የማጥቃት አስተባባሪ፣ ማለትም ቡድኑ ኳስ ሲይዝ ምን እንደሚጫወት የሚወስነው ሰው ነበር።

የዚህን ስፖርት ጠብ ለመረዳት የዚህን ሰው ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። ቡድኑ 10 ያርድ (ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል) ለመግፋት አራት ዕድል አለው። በእያንዳንዱ ዕድል መካከል 40 ሰከንድ ይሰጣል። ጠሪው፣ ማለትም አስተባባሪው፣ በእጁ ከያዘው ትልቅ የጨዋታ ዝርዝር አንዱን ይመርጥና በኳርተርባኩ የራስ ቁር ውስጥ ባለው ሬዲዮ ይነግረዋል፤ ሰዓቱ 15 ሰከንድ ሲቀረው መስመሩ ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ልጁ ብቻውን ነው። ጓደኞቹን ያሰልፋል፣ የተከላካዮቹን አቋም ያነባል፣ ኳሷን ይቀበላል። እንግዲህ ነገሩ ሲበላሽ የጠራው ነው ወይስ የተጠራለት ጥፋተኛው? ባቡሩ ሙሉ ሰው የሚጨቃጨቀው በዚህ ነበር።

ጎልማሳው ፍርዱን ጨርሷል፤ ዋልድሮን ይሂድ ባይ ነው። ከእሱ አጠገብ ያለች ሴት ደግሞ ካሌብ ኳስ ይዞ ይዘገያል፣ ቢወረውራት ኖሮ ማንም ባልጣለው ትላለች። የጋሼ ልጅ የዳንኤልስን 5 ቁጥር ማሊያ ለብሳ ከአባቷ ጎን ቆማ ስታዳምጥ ቆየችና ነገር ጣለች፦ «የእኛ ጠሪ ክሊፍ ኪንግስበሪ አምና ዩኤስሲ በሚባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከእናንተው ልጅ ጋር ይሠራ ነበር። አነጋገራችሁት፤ ከዚያ ዋልድሮንን መረጣችሁ።» እውነቷን ነው። ፉርጎው በሳቅ ሞላ፤ እኛ ጥቂቶቹ ወደ መስኮቱ ዞርን።

ከጣቢያው እስከ ሜዳው አንድ ማይል ያህል በእግር ይኬዳል። በበሩ ላይ ጠባቂዋ የጋሼን ቦርሳ ብድግ አድርጋ ነጠላውን በፕላስቲኩ በኩል ገላበጠችው። የጸሎት ልብስ ነው አሏት። «እንግዲያውስ ዛሬ ያስፈልገናል» ብላ መለሰችላቸው።

ስለ መጀመሪያዎቹ ሦስት ሩቦች ብዙ የምለው የለኝም። የጎድን ጉዳት ስለነበረበት መሰለፉ ሳምንቱን ሙሉ ያጠራጠረው ዳንኤልስ እንደ ልቡ ያቀብላል። ይሁንና ዋሽንግተን መጨረሻው መስመር ሲደርስ እየተገታ በአራት ፊልድ ጎል፣ በእግር በሚመታ ባለ ሦስት ነጥብ ጎል፣ 12 ነጥብ ብቻ ያዘ። የእኛ ልጅ ደግሞ መተንፈሻ አላገኘም። በቀኑ መጨረሻ ከ24 ውርወራ የተሳካለት 10 ብቻ፣ የገፋውም 131 ያርድ ነበር። እኔ ዋልድሮንን የምወቅሰው በዚህ ሰዓት ነው። የሚጠብቁት ሰዎች መያዝ ሲያቅታቸው እየታየ፣ ኳሷ ቶሎ ከእጁ የምትወጣበትን አጭር ጨዋታ ደጋግሞ መጥራት ለምን ያስቸግራል? ሦስተኛው ሩብ ሊያልቅ ሲል ዲአንድሬ ስዊፍት 56 ያርድ ሮጦ ኳሷን ከመጨረሻው መስመር አሳልፎ ታችዳውን አስቆጠረና 12 ለ 7 ሆነ።

ከዚያ ያቺ አንድ ያርድ መጣች።

አራተኛው ሩብ ነው። ቤርስ የመጨረሻው መስመር ደጃፍ ደርሷል፤ አንድ ያርድ ቀርቶታል፤ ሦስተኛው ዕድል ነው። ከካሌብ ጀርባ ሯጭ በሚቆምበት ቦታ ዳግ ክሬመር ቆሟል፣ 68 ቁጥር። ክሬመር ሥራው ኳርተርባኩን መጠበቅ የሆነ፣ ከ130 ኪሎ በላይ የሚመዝን ግዙፍ ሰው ነው፤ ኳስ ይዞ መሮጥ ሙያው አይደለም። ካሌብ ዞሮ ሰጠው። ኳሷ ከክንዱና ከሆዱ መካከል ሾልካ መሬት ላይ ወደቀች፤ የዋሽንግተን ተከላካይ ተኛባት። ስታዲየሙ ተናወጠ። ከፊቴ የተቀመጠው የቤርስ ደጋፊ ኮፍያውን አውልቆ በጥርሱ ያዘው።

ጋሼ ወደ እኔ ዞረው፦ «ስዊፍት አለ፣ ያ ሌላው ሯጭ አለ፣ ልጁ ራሱ ቢገፋ ይገባል። ምን ሲሉ ለዚህ ሰውዬ ሰጡት?» አሉኝ።

መልስ ነበረኝ። ቺካጎ ውስጥ ይህ ወግ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1986 ቤርስ ኒው ኢንግላንድን 46 ለ 10 አሸንፎ ሱፐር ቦውል ሲበላ፣ ዊሊያም ፔሪ የሚባል ባለ ግዙፍ ሰውነት ተከላካይ ከአንድ ያርድ አስቆጥሯል። ከተማው እስከ ዛሬ በፍቅር ያነሳዋል። ክሬመር ኳሷን ቢይዛት ኖሮ ዋልድሮን በማግስቱ ሊቅ ይባል ነበር። ጋሼ አልተዋጠላቸውም፤ «ፔሪ ያኔ ቡድኑ እየመራ ነው የተቀለደው፤ እናንተ እየተመራችሁ ነው የቀለዳችሁት» አሉ። ይህንን ለመመለስ አሁንም እያሰብኩ ነው።

የቀረውን ዓለም አይቶታል። ካሌብ በጨዋታው መጨረሻ ቡድኑን ሜዳውን አሻግሮ ወሰደ፤ ሮሾን ጆንሰን 25 ሰከንድ ሲቀር ከአንድ ያርድ ገባ፤ ከታችዳውን በኋላ በሚፈቀደው የሁለት ነጥብ ሙከራ ኳሷ ለኮል ክሜት ደረሰችና 15 ለ 12 መራን። ከዚያ 2 ሰከንድ ሲቀር በተጀመረው የመጨረሻ ሙከራ፣ ሰዓቱ ቢያልቅም፣ ዳንኤልስ ወደ 13 ሰከንድ ገደማ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቶ ሄይል ሜሪ የሚሉትን የተስፋ ውርወራ ላከ። ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ዘለለ፤ ኳሷ በእኛው ተከላካይ ታይሪክ ስቲቨንሰን እጅ ነጥራ ከሁሉም ጀርባ ብቻውን በቆመው ኖዋ ብራውን እጅ ገባች። 52 ያርድ፣ 18 ለ 15። ስቲቨንሰን ኳሷ በተነሳችበት ቅጽበት ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ እየተሳለቀ እንደነበር በኋላ በተንቀሳቃሽ ምስል ታየ። ጋሼ ነጠላቸውን ከፕላስቲኩ አውጥተው ሲያውለበልቡ ከጎናቸው የነበረ የማያውቁት ሰው አቀፋቸው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ስንመለስ መሽቷል። ክትፎ ቤት ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ ገጥመን ተቀመጥን፤ ባቡሩ ውስጥ የጀመረው ክርክር በአማርኛ ቀጠለ። አስተናጋጁ ሳይቀር ሐሳብ ነበረው፤ ከመጨረሻው ውርወራ በፊት በነበረው ጨዋታ ዋሽንግተን 13 ያርድ ገደማ በነፃ እንዲወስድ የፈቀደው የቤርስ ዋና አሰልጣኝ ማት ኤበርፍሉስ ነውና ወቀሳው ወደ ላይ ይውጣ አለ። ልክ ነው፤ ያቺ 13 ያርድ ባትኖር ያ ውርወራ ባልደረሰ። የጋሼ ልጅ ግን ሁላችንንም አስቆመችን፦ «ልጁን ማንም አላየላችሁም። ሦስት ሩብ ሙሉ ሲደበደብ ውሎ መጨረሻ ላይ ቡድኑን መሪ አደረገ እኮ።»

ቺካጎ ከተመለስኩ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ሄደ። ቤርስ በአሪዞና 29 ለ 9፣ ከዚያም በሜዳው በኒው ኢንግላንድ 19 ለ 3 ተሸነፈ፤ በሁለተኛው ጨዋታ ካሌብ ዘጠኝ ጊዜ ኳስ እንደያዘ ተጣለ። ኖቬምበር 12 ዋልድሮን ተባረረ። ተተኪው ቶማስ ብራውን በመጀመሪያ ጨዋታው ኳሷ ከካሌብ እጅ ቶሎ እንድትወጣ አደረገ፤ ልጁ ከ31 ውርወራ 23 አሳካ። ግሪን ቤይ ግን የመጨረሻዋን ምት አግዶ 20 ለ 19 አሸነፈን።

ያን ማታ ጋሼ ደወሉ። «እንግዲህ ጠሪውን ቀየራችሁ፣ ልጁም አማረበት። የቀረው ማን ነው?»

«ዋናው አሰልጣኝ» አልኳቸው።

ከምስጋና ቀን ማግስት እሱም ተባረረ፤ በቤርስ ታሪክ ውድድር ሳያልቅ የተሰናበተ የመጀመሪያው ዋና አሰልጣኝ ሆነ። ጋሼ በዚያ ቀን አልደወሉም፤ ስዊፍት አንዲት ያርድ ለመግፋት የምትበቃ ኳስ ታቅፎ የቆመበትን ፎቶ ብቻ ላኩልኝ።