ያን ሌሊት ወንድሜ አልሳለም

የእስራኤል አምላክ ይመስገን። ስሜን አልጽፍም፤ የምመሰክረው ስለ እሱ ነው።

አባታችን ቀደም ብሎ በካርቱም በኩል ወጥቶ ኢየሩሳሌም ገብቷል። እኛ ከእናታችን ጋር ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ አካባቢ፣ ኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ ቀረን። ቤተ እስራኤል መሆናችንን ደብቀን ከረምን። እናቴ እዚያው አረፈች። ትንሹን ወንድሜን ይዤ ቀረሁ።

እውነቱን ልናገር፤ ከዚያ ወዲያ ከእግዚአብሔር ጋር ተኳረፍን። ሰንበት ሲሆን ሽማግሌዎቹ በሹክሹክታ ሲጸልዩ ፊቴን አዙሬ እተኛለሁ። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ያለው ዳዊትም ያን ቀን ሳይናደድ አልቀረም።

እ.ኤ.አ. 1981 ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ማታ ጉዞውን በስውር የሚያስተባብረው የወገኖቻችን ኮሚቴ ሰው መጥቶ «ተነሱ፤ ዕቃ እንዳትይዙ» አለን። (ኮሚቴዎቻችንን አምላክ ይባርክ፤ በነፍሳቸው ተወራርደው ነው ያወጡን።) የጭነት መኪና ላይ ታጭቀን፣ ሸራ ተጣለብን። ቀን ቀን ተደብቀን፣ ሲመሽ እንጓዛለን።

ቀይ ባሕር ሳንደርስ አንድ ኬላ ላይ መኪናው ቆመ። ሞተሩ ጠፋ። ወንድሜ ደግሞ ከክረምቱ ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚያስለው። እጄን አፉ ላይ ጫንኩ። ትኩሳቱ መዳፌን ያቃጥላል። ደረቱ ሲርገበገብ ይሰማኛል፤ አሁን ሳለ፣ አሁን ሳለ እላለሁ። ወታደሩ ሸራውን በዱላ መታ መታ እያደረገ ዞረ። የባትሪው ብርሃን በቀዳዳ ገብቶ ፊት ለፊቴ ያሉት እናት ጉልበት ላይ አረፈ። ያኔ ኩርፊያው ጠፋኝ። «ጌታዬ፣ እናቴን ወስደሃል፤ የዚህን ልጅ ሳል ያዝልኝ» አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ሙሴስ ባሕሩ ዳር «እግዚአብሔር ስለ እናንተ ይዋጋል፥ እናንተም ዝም ትላላችሁ» ብሎ የለ? ሾፌሩ በዓረብኛ የሆነ ነገር አለ። ወታደሩ ሳቀ። ሞተሩ ተነሳ።

ወንድሜ አልሳለም! ኬላውን አልፈን ስንርቅ ግን እስኪያስመልሰው ሳለ።

አሸዋው ላይ እኔ ስደክም እኚያ እናት ወንድሜን ነጥቀው አዘሉት። የራሳቸው ልጅ በእግሩ ይከተላቸዋል። ውለታቸውን በምን ልክፈል?

ባሕር አይቼ አላውቅም፤ በጨለማ ሲጮኽ አውሬ መሰለኝ። የጎማ ጀልባ ይዘው የጠበቁን ነጮች ናቸው። ነጭ አይሁድ አለ ብዬ አስቤም አላውቅ! በኋላ እንደሰማሁት የእስራኤል የስለላ ድርጅት ሞሳድ እዚያው ዳርቻ፣ አሩስ በሚባል ቦታ፣ የጠላቂ ቱሪስቶች ሆቴል ከፍቶ ነበር፤ ለሽፋን። እንግዶቹ ይዋኛሉ፣ እኛ በሌሊት እንሻገራለን።

መርከቧ ባት ጋሊም የእስራኤል ባሕር ኃይል ነበረች። አንድ መርከበኛ ጃኬቱን አውልቆ ወንድሜን ጠቀለለው። ቋንቋ አልተግባባንም፤ ሻይ ሰጠኝ፣ አለቀስኩ። «በመርከቦች ወደ ባሕር የሚወርዱ... እነርሱ የእግዚአብሔርን ሥራ አዩ» የሚለው መዝሙር ሲነበብ ዛሬም ያ ሻይ ይሸተኛል።

አባታችንን ስናገኘው ሁለታችንንም አቅፎ ከኋላችን ተመለከተ። «እናታችሁስ?» አለ።

በዚህ በኩል ከአምላኬ ጋር ገና ንግግር አለን፤ በየዓመቱ በጸሎት በዓላችን በሲግድ አነሳበታለሁ። ስለ ወንድሜ ግን ምስጋናዬ ሙሉ ነው። ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ ተመስገን።