በጂም ራውስ ከተማ፦ የኮሎምቢያ፣ ሜሪላንድ ማስታወሻ

ኮሎምቢያ መግባታችንን የነገሩኝ የእህቴ ባል፣ ጋሼ፣ ናቸው። እኔማ ገና ጫካ ውስጥ የምንሄድ መስሎኝ ነበር። ከሲልቨር ስፕሪንግ በሩት 29 ወደ ሰሜን ሲነዱ ግራና ቀኙ ዛፍ ነው። ትልልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ የለም፣ በየሰፈሩ ከምሰሶ ምሰሶ የተወጠረ የመብራት ሽቦ አይታይም፣ ቤቶቹም ጀርባቸውን ለዋናው መንገድ ሰጥተው ወደ ውስጥ ገባ ብለዋል። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ይኖርባታል ሲሉኝ የቀለዱብኝ መሰለኝ። ከንቲባ የላትም። ማዘጋጃ ቤት የላትም። በሕግ ዓይን ከተማም አይደለችም፤ ሃዋርድ ካውንቲ በሚባል፣ እንደ እኛ ወረዳ ባለ አስተዳደር ሥር ያለች ሰፊ ሰፈር ናት። ያላት የነዋሪዎች ማኅበር ነው፤ ማኅበሩም ከአሥር ከንቲባ ይብሳል። ይህን ያሉት ጋሼ ናቸው፣ እኔ የለሁበትም።

የጋሼ ቂም የበር ቂም ነው። እህቴ ለእንቁጣጣሽ የውጭውን በር ደማቅ ቢጫ ልታስቀባው አሰበች፣ አደይ አበባ እንዲመስልላት። ቀለሙን ከመግዛቷ በፊት ፎርም መሙላት፣ የቀለሙን ናሙና ማያያዝ፣ የጎረቤቶቿን ፊርማ መሰብሰብ ነበረባት። ከዚያ ሁሉ ጣጣ በኋላ የመጣው መልስ ቀለሙ ከአካባቢው ጋር አይሄድም የሚል ነው። ደብዳቤው እስካሁን ፍሪጁ ላይ በማግኔት ተለጥፏል፤ በሩም ያው ግራጫ ነው። የማኅበሩ ዓመታዊ ክፍያ በቤቱ ግምት ልክ ይመጣል፤ አልከፍልም ያለ ሰው ቤቱ ላይ ዕዳ ይመዘገብበታል።

«ይሄ ሁሉ የራውስ ሥራ ነው» አሉ ጋሼ ቡናቸውን እየጠጡ።

እህቴ ከምድጃው ሳትዞር፣ «ራውስ ባይኖር ደግሞ እዚህ ሰፈር ማን ያስገባን ነበር?» አለች።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ስለዚህ ሰውዬ መጠየቅ ያዝኩ።

ኮሎምቢያን የገነባው ጄምስ ራውስ፣ እዚህ ሁሉም ጂም ነው የሚለው፣ በ1914 (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) እዚያው ሜሪላንድ፣ ኢስተን ተወለደ፤ በ1996 አረፈ። ሥራ የጀመረው ባልቲሞር ውስጥ በሞርጌጅ፣ ማለትም በቤት መግዣ ብድር፣ ነው። ከዚያ ወደ ገበያ ማዕከል ግንባታ ገባ፤ አሜሪካውያን የመሃል ከተማ ሱቃቸውን ትተው ጣሪያ ወዳለው ሞል እንዲጎርፉ ካደረጉት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ተዋናዩ ኤድዋርድ ኖርተን የልጅ ልጁ ነው። ጋሼ ራውስን ሲያሙ ሲያሙ ይቆዩና ይህችን ሳይነግሩ አይለቁም፣ የሥጋ ዘመዳቸው ይመስል።

የመሬቱ ታሪክ የሚጀምረው ከ1962 ነው። በዚያ ዓመት የካውንቲው ሕዝብ አካባቢው ገጠር ሆኖ እንዲቆይ ቃል የገቡ ሦስት ኮሚሽነሮችን መረጠ። ብዙም ሳይቆይ ሰዎች ከእርሻ እርሻ እየዞሩ መሬት መግዛት ጀመሩ። አንዱ የዚህኛው ኩባንያ ወኪል ነኝ ይላል፣ ሌላው የዚያኛው፤ ከኋላቸው ማን እንዳለ ግን የሚናገር የለም። ወሬው ነደደ። ቮልክስዋገን ፋብሪካ ሊተክል ነው ተባለ፣ የባልቲሞር ቆሻሻ መድፊያ ሊሆን ነው ተባለ፣ ከዚህም የከፋ ተባለ። በጥቅምት 1963 ራውስ ራሱ ኮሚሽነሮቹ ፊት ቀርቦ «ገዢው እኔ ነኝ» አለ። ያን ጊዜ ከካውንቲው መሬት አንድ አሥረኛው በእጁ ገብቶ ነበር፤ ከመቶ በሚበልጥ ውል የተሰበሰበ ወደ 14,000 ኤከር፣ በአባቶቻችን ልኬት 140 ጋሻ ገደማ መሆኑ ነው። በአማካይ ለአንዱ ኤከር 1,500 ዶላር አካባቢ ከፍሏል። ገንዘቡን ያቀረበው ኮኔቲከት ጄኔራል የሚባል የሕይወት ኢንሹራንስ ኩባንያ ሲሆን፣ ከመጀመሪያዎቹ ሰው ሠራሽ ሐይቆች አንዱም በኩባንያው ሊቀመንበር በፍሬዘር ዋይልድ ስም ዋይልድ ሌክ ተባለ። ላበደረ ሰው ሐይቅ ሲሰየምለት ያየሁት እዚህ ብቻ ነው።

ምስጢሩ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው አይቸገርም። አንድ ሰፈር ሊለማ ነው የሚል ወሬ ባደረ ማግሥት የካሬው ዋጋ የት እንደሚሰቀል አይተነዋል። ሁሉንም የሚገዛው አንድ ሰው መሆኑ ቢታወቅ ኖሮ የመጨረሻዎቹ ሻጮች የፈለጉትን ይጠሩ ነበር፤ ከተማውም ወረቀት ላይ ይቀር ነበር። በንግድ ሒሳብ ካየነው ሰውዬው አልተሳሳተም።

ይህን ሒሳብ ይዤ ነው እሑድ ጠዋት ከእህቴ ጋር ወደ ገበሬዎች ገበያ የሄድኩት። ኮክና የበቆሎ እሸት የምትሸጥ አንዲት ሰባ ዓመት የሚሆናት ነጭ ሴት ነበረች። ኮኩን አንድ በአንድ ታነሳለች፣ በአውራ ጣቷ ጫን ታደርጋለች፣ የላላውን ለይታ ወደ ጎን ታኖራለች፤ እያወራችም እጇ አያርፍም። አባቷ ላሞች ያረቡበት ቦታ ዛሬ መኪና ማቆሚያ ሆኗል አለችኝ። ተጎድቶ እንደሆነ ጠየቅኳት። ሳቀች። ዋጋው ጥሩ ነበር፤ በገንዘቡ ወደ ምዕራብ ራቅ ብሎ የሚበልጥ እርሻ ገዝቷል። ግን ውሉን ሲፈርም መሬቱ ለሌላ ገበሬ የሚሸጥ መስሎት ነበር። እውነቱን የሰማው እንደማንኛውም ሰው በጋዜጣ ነው። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ የራውስን ስም አልጠራም፤ «ያ ሰውዬ» ነበር የሚለው። ጎረቤቶቹም እሱም ለማን እንደሸጡ ሳያውቁ፣ ሁሉም የመንደራቸውን መፍረስ በየተራ ፈረሙ ማለት ነው። አባቷን ያንገበገበው ይህ ነው። ልጅቱ ግን ቂሙን አልወረሰችም። የራሷ ልጆች ዋና የተማሩት በኮሎምቢያ ገንዳዎች ነው፤ እሷም በየሳምንቱ ኮኳን የምትሸጠው ለኮሎምቢያ ሰው ነው። የላላውን ኮክ በነጻ ጨመረችልን።

እኔ ከገበሬው ጋር ነኝ። ሒሳቡን እያወቅኩም ከእሱ ጋር ነኝ። ሰው መሬቱን ሲሸጥ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚሆንበትም ማወቅ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ፤ አገራችንም ካሳ ተከፍሎታል ተብሎ ዝም በል የሚባለው ስንት ሰው ነው።

የእህቴም ወገን ግን ክርክሩ ጠንካራ ነው። ኮሎምቢያ በይፋ የተከፈተችው ሰኔ 21 ቀን 1967 ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ እንዳይጋቡ የሚከለክሉትን የክፍለ ግዛት ሕጎች የሻረው ከዚያ ዘጠኝ ቀን ቀደም ብሎ ነበር። ቤት ሲሸጥም ሆነ ሲከራይ በዘር መለየትን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ ገና በዓመቱ፣ በ1968 ነው የወጣው። ገንዘብ የያዘ ጥቁር በሜሪላንድ ብዙ ሰፈሮች ቤት አይሸጥለትም ነበር። ራውስ ሕጉን ሳይጠብቅ መግዛት የቻለ ሁሉ ይግዛ አለ፤ የቤት ሻጮቹም ደንበኛውን በቀለሙ እየለዩ ወደዚህና ወደዚያ መምራት ተከለከሉ። ጥቁርና ነጭ ሆነው የተጋቡ፣ ሌላ ቦታ ዓይን የበዛባቸው ጥንዶች ወሬውን እየሰሙ ወደዚህ መጡ። ዛሬ እኛ ሐበሾች፣ ናይጄሪያውያን፣ ኮሪያውያን፣ ሕንዶች በየመንገዱ ተቀላቅለን የምንኖረው የዚያ ውጤት ነው ትላለች እህቴ።

አቀማመጡም ታስቦበታል። ከመገንባቱ በፊት ራውስ የማኅበረሰብ አጥኚዎችን፣ የጤናና የትምህርት ባለሙያዎችን ሰብስቦ ሰው ምን ዓይነት ቦታ ላይ በደንብ ያድጋል ብሎ አወያያቸው። መንደሮቹ አሥር ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው መሃል ግሮሰሪና መሰብሰቢያ እንዲኖር ታቀደ። የፖስታ ሳጥኖቹ በየበሩ አልተተከሉም፤ ጎረቤት ደብዳቤ ሊወስድ ሲወጣ እንዲተያይ ተብሎ የብዙ ቤት ሳጥን አንድ ላይ ቆሟል። እህቴ ኮሪያዊቷን ጎረቤቷን የተዋወቀቻት እዚያ ነው፤ አሁን ኪምቺና አዋዜ ይለዋወጣሉ። የጎዳና ስሞቹ ከግጥምና ከልቦለድ የተለቀሙ ስለሆኑ ሳታን ዉድ የሚባል መንገድ ሁሉ አለ፤ እህቴ በዚያ ስታልፍ ታማትባለች። ለአምልኮ ደግሞ ካቶሊኩም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ አይሁዱም በአንድ ጣሪያ ሥር በየተራ የሚገለገሉባቸው ሕንፃዎች ተሠሩ። ጋሼ ይህን አይቀበሉም። «ደጀ ሰላም የለው፣ ደወል የለው፣ ይሄ አዳራሽ ነው» ብለው እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ እየነዱ ያስቀድሳሉ።

ፍሪታውን ሮድ ላይ ያገኘኋቸው ሽማግሌ ደግሞ ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ አሳዩኝ። እዚያ በሃሪየት ተብማን ስም የሚጠራ የቀድሞ ትምህርት ቤት አለ። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የካውንቲው ጥቁር ተማሪዎች ብቻ ይማሩበት ነበር፤ በ1965 ካውንቲው ትምህርት ቤቶቹን ሲያዋህድ ተዘጋ። ዛሬ የባህል ማዕከል ነው። ሽማግሌው እዚያ ተምረዋል። ጠዋት ጠዋት በአውቶቡስ ለቤታቸው የሚቀርበውን የነጮች ትምህርት ቤት አልፈው ይመጡ እንደነበር በከዘራቸው አቅጣጫውን እያሳዩ ነገሩኝ። የሚያናድዳቸው በየዓመቱ የሚታተመው የኮሎምቢያ ታሪክ ነው፤ ራውስ ሲመጣ ሜዳ ብቻ እንደነበረ፣ ጥቁርና ነጭም አብሮ መኖር የጀመረው በእሱ እንደሆነ ተደርጎ ይጻፋል። ፍሪታውን ነጻ የወጡ ባሮች ዘር የኖረበት ቦታ ነው። ትምህርት ቤቱ የተዋሃደው ኮሎምቢያ ከመከፈቷ ሁለት ዓመት በፊት ነው፤ ያም ወላጆቻቸው ለዓመታት የጮኹበት ጉዳይ ነበር። ራውስን ይጠሉት እንደሆነ ስጠይቃቸው በጣም ገረማቸው። እሳቸውም በ1970ዎቹ ከእሱ ከተማ ቤት ገዝተዋል፤ ልጆቻቸውን ያሳደጉትም እዚያው ነው። የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ሐውልቱን አሠርታችሁ ስታበቁ የእኛን መንደር ካርታው ላይ መልሱ።

ሐውልቱ ያለው ኪታማኩንዲ ሐይቅ ዳር ነው፤ ራውስ ከወንድሙ ከዊላርድ ጋር በነሐስ ቆሟል። ፈንጠር ብሎ ቅርንጫፎቹ ሰዎች የሆኑ ወርቅማ ዛፍ አለ፤ የከተማዋ ምልክት ነው። ፍራንክ ጌሪ የነደፈው የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ዛሬ ሆል ፉድስ ሆኗል። ውስጥ ገብቼ አቮካዶ ገዛሁ፣ ዋጋውን ባልናገር ይሻላል። ኩባንያው ራሱ በ2004 ተሸጧል፤ የገዛውም በ2009 ኪሳራ አወጀ። ራውስ ይህን ሳያይ ሞቷል። ከኩባንያው አመራር በ1979 ከወጣ በኋላ በ1982 ከባለቤቱ ከፓቲ ጋር ለድሆች ቤት የሚሠራ ድርጅት አቋቋመ፤ የመጨረሻ ዕድሜውን የሰጠው ለዚያ ነው። ኮሎምቢያንም ሲያልማት የኩባንያ ሥራ አስኪያጁና የጽዳት ሠራተኛው አንድ ሰፈር እንዲኖሩ ነበር። አሁን ሃዋርድ ካውንቲ ከአሜሪካ ሀብታም ካውንቲዎች ተርታ ነው፤ የጽዳት ሠራተኛው በመኪና መጥቶ በመኪና ይመለሳል። በ2019 ደሃና ሀብታም ተማሪዎችን ለማቀላቀል ብዙ ሺህ ልጆችን ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት የሚያዛውር ዕቅድ ሲመጣ ወላጆች ሰልፍ ወጡ፤ ጋሼም ከሰልፈኞቹ አንዱ ነበሩ።

የመጨረሻው ክርክር እራት ላይ ተነሳ። መንደሩ መሃል ባለው አሮጌ የገበያ ቦታ ላይ አፓርታማ ሊሠራ ነው፤ የተወሰነው ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ይሆናል። ጎረቤቶች ደግሞ የተቃውሞ ፊርማ ያሰባስባሉ። ጋሼ ፈርመዋል። ትራፊኩ፣ የትምህርት ቤቱ መጨናነቅ፣ የቤታችን ዋጋ፣ ሁሉንም ዘረዘሩ። እህቴ አልፈርምም አለች። ወረቀቱ ከሹሮው ሳህን አጠገብ ተቀምጧል፤ ጫፉን ዘይት ነክቶታል።

«እኛስ ስንመጣ ትራፊክ አልነበርንም?» አለች።

«ራውስ ጸጥታ ያለበት፣ ዛፍ ያለበት ቦታ ነው የሠራው» አሉ ጋሼ፣ ጠዋት ሲያሙት የነበረውን ሰው ጠበቃ አድርገው። «ቢኖር ኖሮ ይሄን ወረቀት ከእኔ ቀድሞ ነበር የሚፈርመው።»

«ራውስ ቢኖር» አለች እህቴ እንጀራ እየጨመረችላቸው፣ «አፓርታማውን የሚሠራው እሱ ነበር። ለማንም ሳይነግር።»

ጋሼ ሳቁ። ፊርማቸውን ግን አልሰረዙም።