ማሽኑ ከቤት ሲወጣ ፈቃዱ አብሮት አይወጣም

በለንደን መጠጥ ቤት ተከራይተው ለዓመታት የሠሩ አንድ የአገሬ ሰው፣ ሒሳባቸውን እንድመለከትላቸው ወረቀታቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። ሦስቱን የቁማር ማሽኖች ያከራያቸው ድርጅት ጭኖ ከወሰዳቸው ወራት ስላለፉ ነገሩ በዚያው ያለቀ መስሏቸው ነበር። ከፌስታሉ ግን ያልተከፈቱ የቀረጥ ደብዳቤዎች ወጡ።

«ማሽኑ እኮ የእኔ አልነበረም» አሉኝ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከየካቲት 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚከፈለው የማሽን ጨዋታ ቀረጥ ተጠያቂው የማሽኑ ባለቤት ሳይሆን በቤቱ ውስጥ ለማጫወት ፈቃዱን የያዘው ሰው ነው። ቀረጡ የሚሰላው ተጫዋቾች ካስገቡት ገንዘብ ለአሸናፊዎች የተከፈለው ተቀንሶ በሚቀረው ላይ ሲሆን፣ በመጠጥ ቤት በብዛት በሚገኙት ማሽኖች ላይ 20 በመቶ ነው። ቀረጡን የሚያሳውቀው ቅጽ በአብዛኛው በየ3 ወሩ፣ ጊዜው ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ ይቀርባል፤ ምንም ገቢ ባይኖርም ዜሮ ብሎ ማቅረብ ግዴታ ነው። የቀረጥ ምዝገባው እንዲሰረዝ በጊዜው ያላሳወቀ ሰው ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት በግምት የሚያሰላው ዕዳ ሊመጣበት ይችላል።

ፈቃዱን መመለስ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣው የብሪታንያ የቁማር ሕግ መሠረት አልኮል የሚሸጥ መጠጥ ቤት ለካውንስሉ (ለአካባቢው አስተዳደር) አሳውቆና 50 ፓውንድ ከፍሎ እስከ 2 ማሽን ማስቀመጥ ይችላል። እንደ እኚህ ሰው 3 ያስቀመጠ ግን የተለየ ፈቃድ ያወጣል፤ ለዚህም በየዓመቱ ይከፍላል። ይህ ፈቃድ በባለፈቃዱ ፍላጎት የሚሰረዘው መመለሱን ለካውንስሉ ሲያሳውቅና ፈቃዱን አብሮ ሲያስረክብ፣ ፈቃዱ ከጠፋም ለምን ማቅረብ እንዳልቻለ በጽሑፍ ሲያስረዳ ነው። ቤቱን ለሌላ ሰው የሚያስተላልፉም ይህን ልብ ይበሉ፤ የሁለቱ ማሽኖች መብት ከአልኮል ፈቃዱ ባለቤት ጋር የተያያዘ በመሆኑ አዲሱ ባለፈቃድ እንደገና ማሳወቅና መክፈል አለበት።

የራሱ ማሽን ያለው ሰው ደግሞ ያለ ፈቃድ ለጎረቤት ልሽጥ ቢል በሕግ ይጠየቃል። የቁማር ማሽን ለመሸጥ የንግድ ፈቃድ የሌለው ሰው አንድ ማሽን እንኳ ለመሸጥ ከቁማር ኮሚሽኑ የአንድ ማሽን ማቅረቢያ ፈቃድ ማግኘት አለበት።

እኔ ከሁሉ በላይ የምጨነቀው ለመጨረሻው ቆጠራ ነው። የአከራዩ ሠራተኛ ሣጥኑን በቁልፍ ከፍቶ ሳንቲሙን ሲያፈስ፣ መጠጥ ቤቱን የሚያሠራው ሰው አጠገቡ ቆሞ አብሮ ይቁጠር፤ የማሽኑ ቆጣሪ ንባብ የታተመበትንም ወረቀት ይቀበል። የመጨረሻው ቀረጥ የሚሰላው በዚያ ቁጥር ነው። የእኚህ ሰው ወረቀት ከፌስታሉ ሥር ተጣጥፎ ተገኘ፤ ቀለሙ ስለደበዘዘ ወደ መስኮቱ ይዘን አንድ በአንድ እያነበብን ቁጥሮቹን ገለበጥን። በዚያው ምሽት ሁለት ደብዳቤ አዘጋጀን፤ አንዱን ለካውንስሉ፣ አንዱን ለግብር መሥሪያ ቤቱ። ፈቃዱን ግን እስካሁን እየፈለጉት ነው።